ጥያቄና መልስ፦ ከሙዚየሙ በፊት መዝገቡ

በዚህ ዕትም መልስ የሰጠንባቸው ደብዳቤዎች በሙሉ በገጠር ቀበሌዎችና በትናንሽ ከተሞች ስላሉ የአካባቢ ታሪክና ቅርስ ማኅበራት ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል፤ የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ መምህራን፣ ካህናትና የእድር ሽማግሌዎች ሆነን የአካባቢያችንን ታሪክ የሚያሰባስብ ማኅበር መሥርተናል። ቀበሌው አንድ ክፍል ሊሰጠን ፈቅዷል፤ ሕዝቡም ጋሻውን፣ ጦሩን፣ የድሮ ገንቦውን ለማምጣት ዝግጁ ነው። ሙዚየሙን እንክፈት ወይስ የሚቀድም ሥራ አለ? (መምህር፣ ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ ክፍሉን ተቀበሉ፤ ዕቃውን ግን ገና አትቀበሉ። ብዙ ማኅበራት የሚፈርሱት በገንዘብ እጦት ሳይሆን በዕቃ ጠብ ነው። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል፤ ቁልፍ የያዘው መምህር ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል፤ ከዚያ የልጅ ልጅ መጥቶ «የአያቴ ጋሻ የታለ?» ሲል መልስ የሚሰጥ ወረቀት አይገኝም። አንድ እንዲህ ዓይነት ክርክር ማኅበሩን ለዓመታት ሐሜት ውስጥ ይከተዋል።

መጀመሪያ ዕቃው ባለበት ቤት ሆኖ ይመዝገብ። የሚያስፈልጋችሁ ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ ትልቅ መዝገብ፣ ሜትር፣ የእጅ ስልክ ካሜራና ሁለት ጥንቁቅ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ ዕቃ ተከታታይ ቁጥር ይሰጠው፤ ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢሸጥ ቁጥሩ ለሌላ ዕቃ አይዛወርም። ማን ዘንድ እንዳለ፣ ከማን እንደወረደ፣ ይህን የነገራችሁ ማን እንደሆነና መቼ እንደነገራችሁ ጻፉ። ባለቤቱ ሊያቆየው የማይችለውን፣ ለምሳሌ ቤቱ እየፈረሰ ያለ ወይም ወራሽ የሌለው ሰው ንብረት የሆነውን ብቻ ተቀበሉ። ለዚያም በሁለት ቅጂ ደረሰኝ ቁረጡ። ደረሰኙ ላይ «ስጦታ» ነው ወይስ «አደራ» የሚለው በግልጽ ይስፈር፤ አደራ ከሆነ እስከ መቼ እንደሆነና ባለቤቱ ቢሞት ማን እንደሚወስደው ይጻፍ፤ ሦስት ምስክር ይፈርም።

ሕጉንም አስቡት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ባለይዞታው ግን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ጥገና ከማድረጉ በፊትም ፈቃድ ማግኘት አለበት። መንገድ ሲጠረግ ወይም መሠረት ሲቆፈር የተገኘ ነገር ደግሞ ተነሥቶ ወደ እናንተ ክፍል አይወሰድም። ባለበት ተጠብቆ ለሚመለከተው አካል ይነገራል። በተግባር በራችሁ ላይ ያለው የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን በደብዳቤ አሳውቁት፤ የደብዳቤውን ቅጂም ፋይል አድርጉ። የተቆፈረ ሸክላ ከአፈሩ ከተለየ በኋላ አጥኚ ሊያነበው የሚችለው ታሪክ አብዛኛው ይጠፋል፤ ስለዚህ በደግ ልብ ተለቅሞ የመጣ ስብርባሪ ሳይቀር ጉዳት ነው።

ጥያቄ፦ የወረዳችን የታሪክ ማኅበር የደብራችንን ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት ልመዝግብ፣ ፎቶ ላንሣ ይላል። ካህናቱ «ሌባ መጥራት ነው» ብለው ይፈራሉ። ምን ይሻላል? (ቄሰ ገበዝ፣ ከምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ አባታችን፣ ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን አለመመዝገብ አይደለም። ፎቶና ልክ የሌለው መስቀል ከተሰረቀ በኋላ «የኛ ነው» ለማለት ማስረጃ የለም። የላሊበላው አፍሮ አይገባ በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ሄዶ ሊመለስ የቻለው በመላው ዓለም የታወቀና በፎቶ የተሰራጨ መስቀል ስለነበር ነው። የገጠር ደብር መስቀል ይህ ዕድል የለውም፤ ዕድሉ መዝገቡ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መዝገቡን ማን ይይዘዋል የሚለው ነው። በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፦ አንዱ በደብሩ፣ አንዱ በወረዳ ቤተ ክህነት፣ አንዱ በታሸገ ፖስታ በማኅበሩ ካዝና። ዕቃው በየትኛው ሣጥን እንዳለ የሚገልጸው ክፍል ከደብሩ ቅጂ በቀር የትም አይጻፍ። ፎቶዎቹ በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም አይለቀቁ፤ ያነሣው ልጅ ከስልኩ እስኪያጠፋ ድረስ ከቅጥሩ አይውጣ። ታቦትና በመቅደስ ያለ ነገር ከምዝገባው ውጭ ነው፤ ማኅበሩ ይህን ሳይጠየቅ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይናገር። ፎቶ አንሺው ዕቃውን አይንካ፤ የሚያወጣውም የሚመልሰውም እርስዎ ወይም እርስዎ የወከሉት ዲያቆን ይሁን።

ምን ይመዝገብ? ፖሊስና ጉምሩክ በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት የቅርስ መለያ ቅጽ አለ። የሚጠይቀው ዓይነቱን፣ ልኩን፣ የተሠራበትን ነገርና አሠራሩን፣ ጽሕፈት ካለበት ቃሉን፣ ዘመኑን፣ ሠሪውን፣ ሥዕሉ የሚያሳየውንና ከሁሉም በላይ ልዩ ምልክቱን ነው። ሌባ የሚፍቀው ስሙን እንጂ ጉድለቱን አይደለም። በአንድ ብራና ላይ ፍየሉ ሲገፈፍ የተቀደደው ቀዳዳ፣ ዙሪያው በክር የተሰፋበት መንገድ፣ ጧፍ ወድቆ ያቃጠለው የጠርዝ ጥቁረት፣ ምስጥ በገበታው (በእንጨት ሽፋኑ) ላይ የሄደበት መስመር ለሌላ መጽሐፍ የማይሆን ማኅተም ነው። እያንዳንዱን ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ በቅርበት አንሡ።

ለመጽሐፍ ደግሞ ቁመት፣ ወርድና ውፍረት በሚሊ ሜትር፤ የቅጠል ብዛት፤ በገጽ ስንት ዓምድና ስንት መስመር እንዳለው፤ የመጀመሪያው ገጽና የመጨረሻው ገጽ መክፈቻ ቃላት ይጻፉ። በቀይ ቀለም የተጻፉ ስሞችን ሁሉ ገልብጡ። ስም ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ከተጻፈ ሁለቱም ይመዝገቡ፤ የተፋቀው መጽሐፉ ከሌላ ደብር መምጣቱን ሊናገር ይችላልና።

በተለይ ወንጌሉን ሳትገልጡት እንዳትዘጉ። ባዶ ቅጠሎቹና ኅዳጎቹ የደብሩ ቤተ መዛግብት ናቸው፤ የጉልት ስጦታ፣ የርስት ክርክር ስምምነት፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የአለቆች ሹመት የሚጻፈው እዚያ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያበረከቱት ወንጌል ዛሬ የታሪክ ሰዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት ለወንጌሉ ቃል ብቻ ሳይሆን በውስጡ ለተጨመሩት ማስታወሻዎችም ጭምር ነው። በእናንተ ወንጌል ውስጥ ስለ መንደራችሁ ከየትም የማይገኝ ነገር ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር እንጨምር። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቶ ነበር፤ ፊልሞቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ብዙዎቹንም በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። ደብራችሁ ያኔ ተነሥቶ ከሆነ የድሮውን ፊልም ከዛሬው መጽሐፍ ጋር አስተያዩ። የጎደለ ቅጠል ካለ መቼ አካባቢ እንደጎደለ ያሳያችኋል።

ጥያቄ፦ የድምፅ ታሪክ ከሽማግሌዎች እየቀዳን ነው። ዓመተ ምሕረት ሲጠየቁ «ከክፉ ቀን ወዲህ» ወይም «በማርቆስ» ይላሉ። እንዴት አድርገን ዘመኑን እንወቅ? (የማኅበር ጸሐፊ፣ ከደቡብ ወሎ)

መልስ፦ ሽማግሌዎቹ ከምታስቡት በላይ ትክክለኛ መልስ እየሰጧችሁ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስታካፍሉ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ብቻ ስለሆነ «በጳጉሜን 6 ተወለድኩ» ያለ ሰው ዘመኑን ነግሯችኋል።

ቀጥሎ በሁለት ወገን የሚያጥር ድንበር ፈልጉ። ክፉ ቀን ከብት በበሽታ ያለቀበት፣ ከ1880 እስከ 1884 አካባቢ ያለው ረኀብ ነው። ዓድዋ የካቲት 1888፣ ሰገሌ ጥቅምት 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው መጋቢት 1928፣ የመሬት አዋጅ የካቲት 1967። አሁን አንዲት እናት «እናቴ የተወለደችው በማርቆስ፣ ከኅዳር በሽታ በኋላ፣ ጣልያን ሳይገባ ነው» ቢሉ የሚሆኑት ዓመታት አራት ብቻ ናቸው፦ 1914፣ 1918፣ 1922 እና 1926። «ጣልያን ሲገባ ከብት ትጠብቅ ነበር» ሲሉ 1914 እና 1926 ይወድቃሉ፤ የ14 ዓመት ልጃገረድ ያኔ ለትዳር ትታሰባለች፣ የ2 ዓመት ልጅም ከብት አትጠብቅም። «ብቻዋን ነበር የምትሄደው ወይስ ከታላቋ ጋር?» ብላችሁ ብትጠይቁ ከቀሩት ሁለቱ አንዱን ትመርጣላችሁ። መዝገቡ ላይ ግን ያሉትን ቃል እንዳለ ጻፉ፤ ያሰላችሁትን ዓመት በቅንፍ ለይታችሁ አስቀምጡ። ስሌቱ ነገ ሊታረም ይችላል፤ ቃላቸው ግን ተመልሶ አይገኝም።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። ክርስትና ስም፣ የዓለም ስምና የፈረስ ስም አንድን ሰው ሦስት ያስመስሉታል፤ አንድ የፈረስ ስም ደግሞ ሁለት ሰዎችን አንድ ያደርጋቸዋል። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስቱንም፣ ከአባትና ከአያት ስም ጋር ጠይቁ።

አቀዳዱን በተመለከተ፦ ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ አድርጉት፣ ከተናጋሪው አፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ በተጣጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጡት። ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ከሆነ የሲኒው ኳኳታ ሁሉ ይገባል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በዝናብ ሰዓት አትቅዱ። መቅጃው ከፈቀደ የዌቭ ፋይል፣ 48 ኪሎ ኸርትዝ፣ 24 ቢት ምረጡ፤ አንድ ሰዓት በአንድ ቻናል ወደ 520 ሜጋባይት ይሆናል። ከመጀመራችሁ በፊት ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ራሳችሁ በድምፅ ተናገሩ፤ ፈቃዳቸውንም በዚያው ድምፅ ላይ ጠይቁ።

የትውልድ ሐረግ ስትቀዱ አንድ አደጋ አለ። በርስት ዘመን ሐረግ መቁጠር መሬት የመካፈል መብት ነበር፤ ዛሬም በውርስ ክርክር ማኅበሩ የጻፈው ዛፍ እንደ ማስረጃ ተይዞ ሊመጣ ይችላል። «እገሌ በዚህ ቀን እንደተናገሩት» የሚል ርእስ ከሌለው በቀር ምንም ሐረግ አታትሙ። ማን አርበኛ፣ ማን ባንዳ ነበር የሚለውም እንዲሁ ነው። ሁለት ቤተሰብ ሁለት ታሪክ ቢነግሯችሁ ሁለቱንም መዝግቡ፤ ዳኛ አትሁኑ።

ጥያቄ፦ በዕቃ ቤታችን ያሉትን መጻሕፍትና አልባሳት ነቀዝና ምስጥ በላቸው። ለእህል የምንጠቀምበትን የነቀዝ ክኒን አስገብተን ብንዘጋውስ? (የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ከሰሜን ጎንደር)

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ያ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። አየር ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ባለ 3 ግራም አንዱ ክኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ዕቃ ቤት ደግሞ ዲያቆናት በሌሊት የሚገቡበት ቦታ ነው። ከሰው በተጨማሪ ለቅርሱም ጠላት ነው፦ ጋዙ መዳብን፣ ነሐስንና ብርን ይበላል። መጽሐፉን ለማዳን ሲባል መስቀሎቹና ጽናጽሎቹ ይጠቁራሉ።

መጀመሪያ የሚበላው ማን እንደሆነ ይለዩ። ምስጥ ከመሬት በአፈር ዋሻ ይወጣል፤ ነቀዝና ብል በበረራ ወይም ከሌላ ዕቃ ጋር ይመጣሉ። ለምስጥ ዋናው መድኃኒት ክፍተት ነው። መደርደሪያው ከወለል ቢያንስ 20፣ ከግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ እግሮቹ ዘይት በተሞላ ሰፊ ጣሳ ውስጥ ይቁሙ፤ ዘይቱ ሲጎድል ይሞላ። ክፍተት ካለ ምስጡ የሚሠራውን ዋሻ በዓይን ያዩታል፤ በየሳምንቱ በባትሪ ይፈትሹ።

ለነቀዝ፦ እያንዳንዱን መጽሐፍ አውጥታችሁ በጥላ ቦታ በነጭ ጨርቅ ላይ ክፈቱ፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከመስፊያው ወደ ውጭ ጥረጉ፤ ጥርጊያው ይቃጠል። ከዚያ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ መልሱ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ላይ አዲስ ዱቄት ከታየ ነፍሳቱ አሁንም በሕይወት አለ። ያን መጽሐፍ ከሌሎቹ ለዩት። በበጋ ለአጭር ጊዜ በንጹሕ ፕላስቲክ ማሸግ ይቻላል፤ በክረምት ግን አትሸጉ፤ እርጥበት ይታፈንና ሻጋታ ይመጣል። ከተማ ያለ ማቀዝቀዣ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ፣ ለአልባሳትና ለታተመ መጽሐፍ ይጠቅማል፦ በፕላስቲክ በደንብ ታሽጎ ሁለት ሳምንት፣ ከወጣ በኋላ ሳይፈታ አንድ ሙሉ ቀን። ሥዕል ያለበትን ብራና ግን ያለ ባለሙያ እዚያ አታስገቡ።

ነፍሳቱንና አይጡን የሚጠራው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ዕቃ ነው። ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ሰምና ጧፍ ከመጻሕፍቱ ጋር በአንድ ክፍል ከሆኑ ምንም ዓይነት መድኃኒት አይበቃም፤ ወደ ሌላ ክፍል ይውጡ። አይጥ ከእርሳስ ውፍረት ብዙም በማይበልጥ ቀዳዳ ስለሚያልፍ በር ሥር ያለውን ክፍተት በቆርቆሮ ዝጉ። ክፍሉን በበጋ እኩለ ቀን ክፈቱ፣ ከመምሸቱ በፊት ዝጉ። የቆርቆሮ ሣጥን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ላብ ስለሚያወጣ በነጭ አቡጀዲ ሸፍኑት፤ ሣጥኑም በእንጨት ላይ ይቀመጥ። አባቶች መጽሐፉን በማኅደር አድርገው በችካል ላይ መስቀላቸው ከእነዚህ ሁሉ ችግሮች የሚበልጠውን ያስቀራል፤ ማኅደሩ የተበጠሰ ካለ መጀመሪያ እሱን አሰፉ።

የራሰ ብራናን በፀሐይ ወይም በእሳት አታድርቁ፤ ይኮማተራል፣ እንደ ቀንድ ይደርቃል። በጥላ፣ ነፋስ ባለበት፣ ቅጠሎቹን በማራገቢያ ቅርጽ ከፍቶ፣ በመካከል ንጹሕ ነጭ ጨርቅ እየለወጡ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው።

ጥያቄ፦ የተሰነጠቀ ገበታና የላላ ስፌት ያለውን ዳዊት በሙጫና በስኮች ፕላስተር ብንጠግነውስ? (ዲያቆን፣ ከዋግ ኽምራ)

መልስ፦ አይሆንም። የእኛ ድጉሰት (የመጽሐፍ ስፌትና ሽፋን) በክር ሰንሰለት የተሰፋ፣ ቅጠሎቹ በሙጫ ያልተያያዙ ነው፤ መጽሐፉ ሲገለጥ የሚተነፍሰውም ለዚህ ነው። ሙጫው ክሩን ያደርቃል፣ ፕላስተሩ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ቀለሙን ይዞ ይላቀቃል። በነጭ ጥጥ ጥብጣብ ዙሪያውን ለስለስ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ጠጋኝ እስኪገኝ በማኅደሩ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የትውልድ ቀዬዬ ማኅበር ስካነር ላክልን ይለኛል። ከአሜሪካ ምን ልላክ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ጠፍጣፋ ስካነር አይላኩ። የተደጎሰ መጽሐፍ እዚያ ላይ ተደፍቶ ሲጫን ጀርባው ይሰበራል። የሚጠቅመው ካሜራን ወደ ታች የሚይዝ ጠንካራ ማቆሚያ፣ የቀለም መለኪያ ካርድ፣ እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ፣ ሁለት ውጫዊ ሀርድ ዲስክና የፀሐይ ኃይል መሙያ ነው። ካሜራ ባይኖር ጥሩ ስልክ ይበቃል፤ ግን ልኩን ይወቁ። 12 ሜጋፒክስል ያለው ስልክ በኢንች 300 ነጥብ ጥራት የሚሸፍነው 33 በ25 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቅ ገድል ወይም ድርሳን ሲነሣ አንድ ገጽ በአንድ ጊዜ እንጂ ሁለቱን ገጽ በአንድ ላይ አይደለም። ፍላሽ ይጥፋ፤ ብርሃኑ ከመስኮት ይምጣ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን አይንካው፤ መዝጊያውን በ2 ሰከንድ መዘግየት ያስነሡ።

የፋይል ስም በቁጥር ብቻ ይሁን፤ የግዕዝ ፊደል አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ይበላሻል። 003-012-1 ማለት ሦስተኛው መጽሐፍ፣ አሥራ ሁለተኛ ቅጠል፣ ፊተኛው ገጽ ነው። ብራናው ላይ ምንም አይጻፍ። 200 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 400 ፎቶ ነው፤ በ5 ሜጋባይት ሒሳብ 2 ጊጋባይት። ሁለቱ ዲስኮች በሁለት የተለያዩ ቤቶች ይቀመጡ፣ ሦስተኛው ቅጂ በእርስዎ ዘንድ ይሁን፤ ያንን ቅጂ ለማንም ለማሳየት ግን የደብሩን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ። በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉም ዲስክ ይከፈት፤ የማይከፈት ከተገኘ በዚያው ሳምንት ይተካ።

ጥያቄ፦ በቀበሌያችን መጋዘን የገበሬ ማኅበሩ የድሮ ወረቀቶች ተከምረዋል፤ ሊቃጠሉ ነው ይባላል። ዋጋ አላቸው? (የልማት ሠራተኛ፣ ከሰሜን ወሎ)

መልስ፦ ትልቅ ዋጋ አላቸው። በ1967ቱ አዋጅ እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር መሬት ላይ ተቋቁሞ መሬት የደለደለው በእነዚህ ወረቀቶች ነው። የአባላት ዝርዝር፣ የፍርድ ሸንጎ ውሳኔ፣ የእርዳታ እህል መዝገብ እዚያ አለ፤ የ1977ቱን ድርቅ ቤት ለቤት የሚናገር ሌላ ሰነድ ብዙ ቦታ አይገኝም። ከጋዜጣና ከመደርደሪያ አፈር ለዩአቸው እንጂ ቅደም ተከተላቸውን አትበትኑ፤ በጥቅል የታሰሩት በጥቅላቸው ይቆዩ። የዛገ ስፒልና ክሊፕ ይውጣ፤ በካርቶን ሣጥን፣ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጡ። ቀበሌው ወረቀቶቹን ለማኅበሩ ያስተላለፈበት ደብዳቤ በማኅተም ይኑራችሁ። አሁንም በሕይወት ያሉ ሰዎች የሚጠቀሱበትን የፍርድ መዝገብ ለማንም እንግዳ ከማሳየታችሁ በፊት ስንት ዓመት ተዘግቶ እንደሚቆይ በጠቅላላ ጉባኤ ወስናችሁ በቃለ ጉባኤ ያዙት።